የረግረጉ በር፦ በሉዊዚያና ጠረፍ የመሪ ካፒቴኖች ሥራና የቀይ ዓሣ ዕጣ

የሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት በአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት፣ ዓሣ ለማስገር የሚሻ ሰው የራሱ ጀልባም ሆነ የውሃው ዕውቀት ባይኖረው ሁለቱንም ለአንድ ቀን ሊከራይ ይችላል። ፈቃድ ያለው ካፒቴን ጀልባውን፣ ዘንጉን፣ መንጠቆውንና ማጥመጃውን አዘጋጅቶ ደንበኞቹን ጎህ ሳይቀድ ይዞ ይወጣል፤ ቀትር ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ይመልሳቸዋል። ጉዞው ወደ ጥልቁ ባሕር አይደለም። ጨዋማው የባሕር ውሃና የወንዙ ውሃ በሚቀላቀሉበት ረግረግ፣ በወሽመጦችና በደሴቶች መካከል የሚደረግ የጠረፍ አሠጋገር ነው። ከኒው ኦርሊንስ በስተደቡብ መንገዱ የሚያበቃባት ቬኒስ፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያሉት ዴላክሯና ሆፕዴል፣ እንዲሁም በባሕሩ ዳር ያለችው ግራንድ አይል ለዚህ ሥራ የታወቁ መነሻዎች ናቸው።

ይህን ሥራ ከሌላው የዓሣ ንግድ የሚለየው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ደንበኛው የሚይዘው ዓሣ ለገበያ አይቀርብም፤ ካፒቴኑም ሊሸጠው አይችልም። ዓሣው እስኪያዝ ድረስ የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ከተያዘ በኋላም ለያዡ ገበታ እንጂ ለሌላ አይውልም። በመሆኑም ካፒቴኑ ኑሮውን የመሠረተው የእርሱ ባልሆነ ሀብት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ማስረዳትና ከዓሣው ሥነ ሕይወት ጋር ያለውን ግንኙነት ማሳየት ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም፣ በረግረጉ ውስጥ የሚያዘው ቀይ ዓሣ በአብዛኛው ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልተራባ ወጣት በመሆኑ፣ መሪ ካፒቴኑ ዓሣው ወደ ባሕር በሚያልፍበት በር ላይ የቆመ ሰው ነው የሚል ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡትን ጥብቅ ደንቦች ያለዚህ እውነታ መረዳት አይቻልም።

ሁለቱ ዓሦችና ስማቸው

በዚህ ጠረፍ በብዛት የሚፈለጉት ዓሦች ሁለት ናቸው። አንደኛው በአካባቢው ሬድፊሽ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳይኤኖፕስ ኦሴላተስ የሚባለው ቀይ ዓሣ ነው። ጎኑ የመዳብ መልክ ሲኖረው በጅራቱ ሥር ዓይን የሚመስል ጥቁር ነጥብ አለው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ነጥቡ ከአንድ ይበልጣል። ሁለተኛው ሲኖሲዮን ኔቡሎሰስ ሲሆን፣ በጀርባው ላይ በተረጩት ጥቁር ነጥቦች የተነሳ ባለነጥብ ትራውት ይባላል።

ትራውት የሚለው ስም ግን አሳሳች ነው። እውነተኛው ትራውት የሳልሞን ዘመድ የሆነ፣ ቀዝቃዛና ጨው አልባ ውሃን የሚወድ ዓሣ ነው። ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው፣ የኢትዮጵያ አንባቢ በስም የሚያውቀው ትራውትም ከዚሁ ወገን ነው። የሉዊዚያናው ባለነጥብ ትራውት ግን በዝምድና የሚቀርበው ለቀይ ዓሣው ነው፤ ሁለቱም ሳይኤኒዴ በሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። የዚህ ቤተሰብ አባላት ብዙዎቹ የአየር ከረጢታቸውን በጡንቻ እያንቀጠቀጡ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ያሰማሉ፤ በመራቢያ ወቅት ወንዶቹ ሴቶቹን የሚጠሩት በዚህ ድምፅ ነው።

ሁለቱ ዓሦች በአንድ ውሃ ውስጥ ቢገኙም የሕይወት ጉዟቸው እጅግ የተለያየ ነው። ቀይ ዓሣ የሚራባው በበጋው መጨረሻና በመጸው፣ ባሕሩና ወሽመጡ በሚገናኙባቸው መተላለፊያዎች አካባቢ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት በአንድ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከዕንቁላሉ የሚወጡትን ደቃቅ ጫጩቶች የባሕሩ ሙላት ተሸክሞ ወደ ረግረጉ ያስገባቸዋል። በዚያም ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ትናንሽ ዓሦችን እየተመገቡ ሦስት፣ አራት ዓመት ያህል ያድጋሉ። ለአካለ መጠን ሲደርሱ ረግረጉን ትተው ወደ ባሕሩ በመውጣት ከትልልቆቹ መንጋ ይቀላቀላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ረጅም ነው። ተመራማሪዎች በዓሣው ጆሮ ውስጥ የሚገኘውን ጠጠር ቆርጠው እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበቶቹን በመቁጠር ቀይ ዓሣ 40 ዓመት ያህል ሊኖር እንደሚችል አረጋግጠዋል።

ባለነጥብ ትራውት በአንጻሩ የሚቸኩል ፍጥረት ነው። በአንድ ወይም በሁለት ዓመቱ ይራባል፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ሞቃት ወቅት ደጋግሞ ዕንቁላል ይጥላል፤ ብዙውም ከጥቂት ዓመታት በላይ አይኖርም። ሴቶቹ ከወንዶቹ ፈጥነው ስለሚያድጉ በአስጋሪዎች ዘንድ እንደ ሽልማት የሚታዩት ትልልቅ ትራውቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ይህ ልዩነት ለአያያዝ ትልቅ ትርጉም አለው። ትራውት ከተጎዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊያገግም ይችላል። ቀይ ዓሣ ግን ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ዛሬ ረግረጉን ሳይሻገር የቀረ ትውልድ ጉድለቱ በባሕሩ መንጋ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል።

መሪው የሚያከራየው ዕውቀት

ለመንገደኛ ተሳፋሪዎችን ጭኖ ገንዘብ የሚቀበል ካፒቴን የአሜሪካ የጠረፍ ጥበቃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በጠረፍ አሠጋገር የተለመደው የፈቃድ ዓይነት ቢበዛ 6 ከፋይ ተሳፋሪዎችን ለመያዝ የሚያስችለው ነው። ፈቃዱን ለማግኘት የ360 ቀን የጀልባ ልምድ፣ የጤና ማረጋገጫ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራና የጽሑፍ ፈተና ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የግዛቲቱ የዱር እንስሳትና ዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የመሪነት ፈቃድ ይጨመራል። ይሁን እንጂ ደንበኛው የሚከፍለው ለፈቃዱ አይደለም፤ ፈተና ለማይጠይቀው ዕውቀት ነው።

የዚህ ዕውቀት መሠረት የውሃ እንቅስቃሴ ነው። በሉዊዚያና ጠረፍ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይፈራረቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትም ብዙ ጊዜ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለዓይን እዚህ ግባ የማይባለው ይህ ለውጥ በጠፍጣፋው ረግረግ ላይ ሰፊ ቦታን ያጥለቀልቃል፤ ያደርቃልም። ውሃው ሲጎድል ሽሪምፑ፣ ሸርጣኑና ትናንሾቹ ዓሦች ከሣሩ ሥር እየተጠረጉ በጠባብ ፈፋዎች በኩል ይወጣሉ፤ ቀይ ዓሣውም በፈፋው አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ካፒቴኑ የትኛው ፈፋ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ነፋስ እንደሚሠራ ያውቃል። በክረምት ከሰሜን የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ የጨረቃው አቆጣጠር ከሚያመለክተው በላይ ውሃውን ገፍቶ ያስወጣል፤ ያን ጊዜ ዓሦቹ በጥልቅ ቦዮችና ጉድጓዶች ይሰበሰባሉ። በሞቃቱ ወቅት ደግሞ ትራውት ለመራባት ጨው ወደሚበረታባቸው ወሽመጦችና ወደ ውጭ ደሴቶች ይወጣል።

የጨው መጠን ሁለተኛው መለኪያ ነው። ቀይ ዓሣ ጨው አልባ ሊባል የሚችልን ውሃ እንኳ ይታገሣል፤ ትራውት ግን ጨዋማውን ይመርጣል። የሚሲሲፒ ወንዝ በጸደይ ሲሞላ ደፍራሹ የወንዝ ውሃ በአፉ ዙሪያ ያሉትን ወሽመጦች ስለሚወርር ካፒቴኑ ትራውትን ፍለጋ ርቆ መሄድ ግድ ይሆንበታል።

መሣሪያዎቹም ከዚሁ የውሃ ንባብ የመነጩ ናቸው። በብዛት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ድምፅ የሚሰጥ ተንሳፋፊ ነው። አስጋሪው ዘንጉን ሲነቀንቅ ተንሳፋፊው ውሃውን ይመታል፤ ድምፁ ሽሪምፕ የሚያሳድዱ ዓሦችን ግርግር ስለሚመስል ሌላውን ዓሣ ይስባል። ከሥሩ ሕያው ሽሪምፕ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ አምሳያው ይንጠለጠላል። ጥልቀት በሌለው ጥርት ያለ ውሃ ደግሞ ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባውን በረጅም ዘንግ እየገፋ ቀይ ዓሣውን በዓይኑ ይፈልጋል፤ ዓሣው አፉን ወደ ጭቃው ደፍቶ ሲመገብ ጅራቱ ከውሃው በላይ ብቅ ይላልና። ትራውት በሚመገብበት ቦታ በውሃው ገጽ ላይ የሚወጣውን ለስላሳ የቅባት ነጸብራቅም ልምድ ያለው ካፒቴን ከሩቅ ይለየዋል፤ አስጋሪዎች ሽታውን ከሐብሐብ ሽታ ጋር ያመሳስሉታል።

ከምርምር አንጻር የዚህ ዕውቀት ጠቀሜታ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ለዓሣው ሁኔታ የዕለት ተዕለት ምስክር የሚሆን ሰው ከካፒቴኑ የተሻለ አይገኝም። በሌላ በኩል ያው ዕውቀት የአሠጋገርን ጫና ያበዛል። ውሃውን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ደክሞ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል፤ በካፒቴን የተመራ እንግዳ ግን ዓሣው ወዳለበት በቀጥታ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ዓሣው ቢመናመንም ካፒቴኑ የቀረውን የማግኘት ችሎታ ስላለው፣ የደንበኞች መልካም ቀን ብቻውን የሀብቱን ጤንነት አያረጋግጥም።

ከምጣድ እስከ ሕግ

የዛሬው ሥርዓት የተወለደው ከአንድ ቀውስ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ፖል ፕሩዶም የተባለው የሉዊዚያና የምግብ ባለሙያ በኒው ኦርሊንስ ከባለቤቱ ጋር ምግብ ቤት ከፈተ። እዚያም በቅቤና በቅመም የተለወሰ የቀይ ዓሣ ሥጋን እጅግ በጋለ የብረት ምጣድ ላይ እያጠቆረ ማቅረብ ጀመረ። ምግቡ በ1980ዎቹ መላ አሜሪካን አዳረሰ። ፍላጎቱ ሲንር የንግድ መርከቦች ከረግረጉ ወጣ ብለው በባሕሩ ላይ የሚጓዙትን የትልልቅ ቀይ ዓሦች መንጋዎች ማሳደድ ጀመሩ። አነስተኛ አውሮፕላኖች መንጋውን ከአየር ላይ ያሳያሉ፤ መርከቦቹ ደግሞ በከበባ መረብ ያፍሱታል። በዚህ መንገድ በአንድ ጊዜ የሚታፈሱት ዓሦች ለአሥርት ዓመታት የተከማቹ የመራቢያ እናቶችና አባቶች ነበሩ።

የፌዴራሉ መንግሥት በ1986 አስቸኳይ እገዳ ጣለ፤ ከ1988 ወዲህም በባሕረ ሰላጤው የፌዴራል ውሃ ቀይ ዓሣን ይዞ ማስቀረት ለንግድም ሆነ ለመዝናኛ የተከለከለ ነው። ይህ እገዳ እስካሁን አልተነሳም። ቴክሳስ አስቀድማ በ1981 በግዛቷ ውሃ የተያዙ ቀይ ዓሦችና ባለነጥብ ትራውቶች እንዳይሸጡ ከልክላ ነበር። የፍሎሪዳ መራጮች በ1994 ጊል ኔት የተባለውን መረብ ከጠረፍ ውሃ የሚያግድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቁ፤ ሉዊዚያናም በ1995 በዚህ መረብ ላይ ጥብቅ ገደብ ጣለች። በ2007 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዎከር ቡሽ ቀይ ዓሣ በፌዴራል ውሃ ከንግድ እንዲጠበቅ የሚያዝ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ፈረሙ። ዛሬ በምግብ ቤቶች የሚቀርበው ቀይ ዓሣ በአብዛኛው በኩሬ የረባ ነው።

እነዚህ ውሳኔዎች ማኅበራዊ ዋጋ ነበራቸው። በመረብ ይተዳደሩ የነበሩ የጠረፍ ቤተሰቦች ገቢያቸውን አጡ፤ የመዝናኛ አስጋሪዎችና ማኅበሮቻቸው ግን ዓሣውን ከሞላ ጎደል ለብቻቸው አገኙት። የመሪ ካፒቴኖች ሥራ የተስፋፋውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። መረበኛው ሲወጣ የቀረው ዓሣ ለዘንገኛው ሆነ፤ ዘንገኛው ደግሞ መሪ ያስፈልገዋል። በወቅቱ የቀረበው የፍትሕ መከራከሪያ፣ በዘንግ የሚያዝ አንድ ዓሣ በመረብ ከሚታፈሰው ይልቅ ለሀገር ኢኮኖሚ የሚያስገኘው ጥቅም ይበልጣል የሚል ነበር። መከራከሪያው አንድ ግዴታን በውስጡ ይዟል፦ ዓሣውን የወረሰው ወገን መልሶ እንዳያመናምነው መጠንቀቅ ይኖርበታል።

የማምለጥ መጠን

ይህ ግዴታ የሚለካበት ቁጥር አለ። በባሕር ያለውን የቀይ ዓሣ መንጋ መቁጠር አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የሉዊዚያና ተቆጣጣሪዎች የሚከታተሉት ከረግረጉ በሕይወት የሚያልፉትን ወጣቶች ድርሻ ነው። ስሌቱ በቀላል ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። አሠጋገር ባይኖር ኖሮ 100 ወጣት ዓሦች ከረግረጉ ወጥተው የመራቢያውን መንጋ ይቀላቀሉ ነበር እንበል። አሠጋገር እያለ ከእነዚህ ውስጥ የሚያመልጡት ስንት ናቸው? ግቡ ቢያንስ 30 ነው። ግዛቲቱ በ2022 ይፋ ያደረገችው ግምገማ ግን መጠኑ ወደ 20 ገደማ ዝቅ ማለቱን አመለከተ። በባሕር ያለው መንጋ በዓይን ሲታይ አሁንም ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የቆዩ ዓሦች ረጅም ዕድሜ ስላላቸው የተተኪ እጥረቱን ይሸፍኑታልና። ችግሩ የሚገለጠው አሮጌዎቹ ሲያልቁ ነው።

በዚህ መነሻ ከሰኔ 2024 ጀምሮ አዲስ ደንብ በሥራ ላይ ዋለ። ቀድሞ አንድ አስጋሪ በቀን 5 ቀይ ዓሦችን መውሰድ ይችል ነበር፤ ዝቅተኛው ርዝመት 16 ኢንች፣ ማለትም 41 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአምስቱ አንዱ ከ27 ኢንች በላይ እንዲሆን ይፈቀድ ነበር። አሁን የዕለቱ ገደብ 4 ሲሆን፣ የተፈቀደው ርዝመት ከ18 እስከ 27 ኢንች፣ ማለትም በግምት ከ46 እስከ 69 ሴንቲሜትር ነው። ከዚህ የሚበልጥ ዓሣ በሙሉ ወደ ውሃው ይመለሳል። ባለነጥብ ትራውትም ከኅዳር 2023 ወዲህ ተመሳሳይ ለውጥ ተደርጎበታል። በአብዛኛው የግዛቲቱ ውሃ 25 የነበረው የዕለት ገደብ ወደ 15 ሲወርድ፣ ዝቅተኛው ርዝመት ከ12 ወደ 13 ኢንች ከፍ ብሏል፤ ከ20 ኢንች በላይ የሆኑት ከሁለት እንዳይበልጡ ተደርጓል። የርዝመቱ ጣሪያ ትልልቆቹን ሴቶች ለማዳን ታስቦ የተጣለ ነው።

ለመሪ ካፒቴኖች ከሁሉ የከበደው ለውጥ ግን ሌላ ነው። በሁለቱም ደንቦች መሠረት ካፒቴኑና ረዳቱ ደንበኛ ይዘው በወጡበት ቀን በራሳቸው ስም ቀይ ዓሣም ሆነ ባለነጥብ ትራውት ማስቀረት አይችሉም። የዚህን ትርጉም ለመረዳት አራት ደንበኞችን የያዘ አንድ ጀልባ በምሳሌነት ይወሰድ። በቀድሞው ደንብ የካፒቴኑ ድርሻ ሲታከል ጀልባው በቀን እስከ 25 ቀይ ዓሦችና 125 ትራውቶች ይዞ መመለስ ይችል ነበር። በአዲሱ ደንብ ይህ ወደ 16 ቀይ ዓሦችና 60 ትራውቶች ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ የካፒቴን ችሎታ የሚመሰከረው በመትከያው ላይ ተዘርግቶ በሚነሳው የዓሣ ፎቶግራፍ ስለነበር፣ ለውጡ የገቢ ብቻ ሳይሆን የሙያ ክብር ጥያቄም አስነሥቷል። አንዳንዶች ደንበኞች ወደ ሌሎች ግዛቶች ይሄዱብናል ሲሉ ሠጉ፤ ሌሎች ደግሞ ገደቡ ቀድሞ መምጣት ነበረበት ሲሉ ደገፉት።

የሸክሙ ክፍፍል ጥያቄም አብሮ ተነሥቷል። መንሃደን የተባለውን ትንሽ ዓሣ ለዘይትና ለዱቄት የሚያፍሱ ትልልቅ መርከቦች በሉዊዚያና ጠረፍ ይሠራሉ። መንሃደኑን የሚከተሉ ትልልቅ ቀይ ዓሦችም በመረቦቻቸው ውስጥ ይገቡና ይሞታሉ። ካፒቴኖቹ እኛ ወጣቶቹን እንድናድን ስንጠየቅ መራቢያዎቹ በመረብ ይሞታሉ ሲሉ ያማርራሉ፤ ኢንዱስትሪው በበኩሉ የሚሞቱት ከመዝናኛ አስጋሪዎች ከሚወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው ይላል። ሁለቱ አባባሎች የግድ አይቃረኑም። ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም አንድ የ20 ዓመት መራቢያና አንድ የሁለት ዓመት ወጣት ለመንጋው ያላቸው ዋጋ እኩል አይደለም። በ2024 መርከቦቹ ከአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ቢያንስ ግማሽ ማይል እንዲርቁ መደረጉ የዚህ ክርክር አንዱ ውጤት ነው።

የሚከስመው ረግረግ

ደንብ ሊቆጣጠረው የሚችለው ሰውን እንጂ መሬቱን አይደለም። የአሜሪካ የሥነ ምድር ቅየሳ ተቋም ባወጣው ጥናት መሠረት የሉዊዚያና ጠረፍ ከ1932 እስከ 2016 ድረስ በተጣራ ስሌት 4,833 ካሬ ኪሎሜትር ያህል መሬት አጥቷል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጎርፍን ለመከላከል በሚሲሲፒ ግራና ቀኝ የተገነቡት ግድቦች ረግረጉን ይሠራ የነበረውን ደለል ነፍገውታል፤ ለነዳጅ ፍለጋ የተቆፈሩት ቦዮች ጨዋማውን ውሃ ወደ ውስጥ አስገብተዋል፤ መሬቱ በራሱ ይሰምጣል፤ ባሕሩም ከፍ ይላል። በ2005 ካትሪናን፣ በ2021 አይዳን የመሳሰሉ አውሎ ነፋሶች በአንድ ቀን ሰፋፊ ቦታዎችን ቆርጠው ወስደዋል።

ይህ ጥፋት ለአስጋሪ በቀላሉ የማይታይበት ምክንያት አለ። ሽሪምፕና ትናንሽ ዓሦች በብዛት የሚገኙት ሣሩና ውሃው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ወጥ የነበረ ረግረግ ሲበጣጠስ የጠርዙ ርዝመት በመጀመሪያ ይጨምራል፤ ስለዚህ መሬቱ እየሞተ ሳለ አሠጋገሩ ሊያምር ይችላል። ቁርጥራጮቹ ከግማሽ በታች ሲወርዱ ግን ጠርዙም ማጠር ይጀምራል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ክፍት ውሃ ብቻ ነው። የዛሬው መልካም ምርት ከነገው ጥሪት ላይ የተቆረጠ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎች የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው።

የመሬቱ መክሰም የባለቤትነትንም ጥያቄ አወሳስቧል። አብዛኛው ረግረግ የግል ይዞታ ነው። መሬቱ ወደ ውሃነት ሲለወጥ ከሥሩ ያለው የነዳጅ መብት ለማን ይሁን የሚለው ክርክር ስላለ፣ ባለይዞታዎች ጀልባ የሚነዳበትን ውሃ ጭምር የግል ነው ብለው ምልክት ይተክላሉ። በዚህ የተነሳ ካፒቴኑ ከሌላው ክፍት ውሃ በዓይን በማይለይ ቦታ ላይ በወሰን ጥሰት ሊከሰስ ይችላል።

መድኃኒቱም ቢሆን ያለ ሕመም አይገኝም። የወንዙን ደለል ወደ ባራታሪያ ረግረግ መልሶ ለማስገባት የታቀደውና ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው ፕሮጀክት ግንባታው በ2023 ቢጀመርም በ2025 ተሰርዟል። ከተቃዋሚዎቹ መካከል የወንዙ ውሃ ሽሪምፑን፣ ኦይስተሩንና ትራውቱን ያባርርብናል ያሉ የጠረፍ ሠራተኞች ይገኙበታል። ለሃምሳ ዓመት መሬት የሚሠራ ውሃ ለአምስት ዓመት ሥራ የሚያሳጣ ከሆነ፣ የጀልባ ዕዳ ያለበት ሰው አምስቱን ዓመት ቢያስቀድም ሊፈረድበት አይገባም።

ሌሎች ግዛቶች የሚሰጡት ትምህርት

የቴክሳስ መንገድ ማራባትን ያካትታል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ግዛቲቱ በጣቢያዎቿ የተፈለፈሉ የቀይ ዓሣ ጫጩቶችን ወደ ወሽመጦቿ ትለቃለች። በጣቢያዎቹ የውሃው ሙቀትና የመብራቱ ሰዓት እየተለወጠ ወቅቶች በፍጥነት እንዲፈራረቁ ስለሚደረግ፣ ዓሣው መጸው የደረሰ መስሎት ዕንቁላል ይጥላል። ሆኖም ማራባት ከአየር ንብረት ድንጋጤ አያድንም። በየካቲት 2021 የተከሰተው ብርቱ ውርጭ በቴክሳስ ጠረፍ ቢያንስ 3.8 ሚሊዮን ዓሦችን ሲገድል፣ ከመዝናኛ ዓሦች መካከል ክፉኛ የተጎዳው ቅዝቃዜን የማይችለው ባለነጥብ ትራውት ነበር። ቴክሳስ በ2024 የትራውቱን የዕለት ገደብ ወደ 3 አውርዳለች።

ፍሎሪዳ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ቀይ ዓሣን በክልል ከፋፍላ ታስተዳድራለች። የባሕር ሣር በተጎዳበት የኢንዲያን ሪቨር ክልል ቀይ ዓሣን ይዞ መልቀቅ እንጂ ወስዶ መመገብ ተከልክሏል። ካፒቴኖቹ ግን አሁንም ደንበኛ ይዘው ይወጣሉ። ይህም ሥራው ያለ ዓሣ ሣጥን ሊኖር እንደሚችል ያሳያል፤ ደንበኛው የሚገዛው ፍለጋውን፣ ትግሉንና ቀኑን ነው። መልቀቅ ግን በራሱ ከጉዳት ነጻ አይደለም። መንጠቆ በጥልቀት የዋጠ ወይም በሞቃት ውሃ ለረጅም ጊዜ የታገለ ዓሣ ከተለቀቀ በኋላ ሊሞት ይችላል። ክብ መንጠቆ መጠቀም፣ ዓሣውን በእርጥብ እጅ መያዝ፣ ከውሃ ውጭ ብዙ አለማቆየትና በጥልቀት የገባን መንጠቆ ከመጎልጎል ይልቅ ክሩን መቁረጥ የሞቱን ቁጥር ይቀንሳሉ። እነዚህን ለእንግዳው የሚያስተምረው በጀልባው ላይ ያለው መሪ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

የጠረፍ መሪ ካፒቴን በሦስት ነገሮች መካከል የቆመ ባለሙያ ነው፦ ባልተራባ ወጣት ዓሣ፣ በሚከስም መሬትና ሣጥኑ ሞልቶ ማየት በለመደ ደንበኛ። የ1980ዎቹ ቀውስ የተፈታው ከውጭ የመጣን መረብ በማገድ ነበር። የዛሬው ችግር መፍትሔ ግን የሚገኘው ዓሣውን ለወረሰው ወገን በራሱ ልክ በማበጀት ነው። የካፒቴኑን ድርሻ ያስቀረው ደንብ የቁጥር ውጤቱ መጠነኛ ሊሆን ይችላል፤ የሙያውን መለኪያ ከተወሰደው ዓሣ ወደተሰጠው ዕውቀት ማዛወሩ ግን ከቁጥሩ የሚሰፋ ትርጉም አለው።

ለተመራማሪዎች ከዚህ የሚወጣው የሥራ ድርሻ ግልጽ ነው። የማምለጥ መጠን በየዓመቱ ከሚሰበሰብ መረጃ ይሰላል፤ የመረጃውም አንዱ ምንጭ ካፒቴኑ ነው። ዓሣ ለክቶና ምልክት አሥሮ የሚለቅ፣ የተለቀቀውንም እንደተወሰደው ሁሉ መዝግቦ የሚያቀርብ ካፒቴን የሚቆጣጠሩት ብቻ ሳይሆን የሚያማክሩት ሰው ይሆናል። በ2024 መጸው ወደ ረግረጉ የገቡት የቀይ ዓሣ ጫጩቶች ባሕሩን የሚቀላቀሉት ከ2028 አካባቢ ጀምሮ ነው። የአሁኑ ደንብ በቂ መሆኑን የሚመሰክሩት እነርሱ ይሆናሉ፤ እስከዚያው ድረስ ግን በየማለዳው በፈፋው አፍ ላይ የሚያልፉት በካፒቴኑ ጀልባ ሥር ነው።